ከቅጥሩ ውጪ የተሠራ ግንብ

አቪላ የምትባለውን የስፔን ከተማ ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ፎቶ ያው አንድ ነው። ከፊት ደረቅ ሣር፣ ከመሀል ረጅም የድንጋይ ቅጥር፣ በቅጥሩ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ክብ ማማዎች፣ ከኋላ የካቴድራሉ ጫፍ። ፎቶው የሚነሳውም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ ከአዳኻ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ሳላማንካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሎስ ኩዋትሮ ፖስቴስ ከሚባሉት አራት ዓምዶች አጠገብ። ከፎቶው ጋር ደግሞ አንድ አባባል አይጠፋም፤ የቅድስት ቴሬሳ «ውስጣዊው ግንብ» የተወለደው ከዚህ ቅጥር ነው የሚል። የጉዞ መጽሐፉ ይለዋል፣ አስጎብኚው ይለዋል፣ ቪዲዮ የሚሠሩትም ይደግሙታል።

ደስ የሚል አባባል ነው። ለፎቶ መግለጫ ይመቻል። መጽሐፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ግን በቀላሉ የሚደግመው አይመስለኝም። ቅጥሩ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ አዎ። ያለው ግን ሰዎቹ በሚሉት ቦታ አይደለም።

መጀመሪያ ለቅጥሩ የሚገባውን እንስጠው። ዙሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ80 በላይ ማማዎችና 9 በሮች አሉት፤ ቁመቱ በአማካይ 12 ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሜትር ይሆናል። በአፈ ታሪክ ሥራውን በ1090 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ አማች ሬይሞንድ አስጀምሮት በ9 ዓመት አለቀ ይባላል። ተመራማሪዎች ግን አብዛኛውን ሥራ ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡታል። ዩኔስኮ የመዘገበው በ1985 ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ጠላት የሚመጣው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ትልልቆቹ በሮችና ጠንካራዎቹ ማማዎች እዚያ ናቸው። የካቴድራሉ ጀርባም ራሱ የቅጥሩ አካል ነው፤ መሠዊያው ያለበት የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ወደ ውጪ እንደ ትልቅ ማማ ወጥቶ ይታያል። በዚሁ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ከሌላው ለየት ያለ ግራጫ ድንጋይ ታያላችሁ። ከሮማውያን መቃብር የተነቀለ ድንጋይ ነው። እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች የሌላውን ኮድ አምጥቶ መለጠፍን ነውር አናደርገውም፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞችም እንደዚያው ነበሩ። ከፍ ብሎ የሚታየው የጡብ መስመር ደግሞ የሙደሃር ስልት ነው፤ ሙደሃር ማለት በክርስቲያን ነገሥታት ሥር ይኖሩ የነበሩ ሙስሊሞች ናቸው። እንግዲህ ክርስቲያኗ አቪላ የታጠረችው በአረማዊ መቃብርና በሙስሊም የግንባታ ጥበብ ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ ድንጋዩ ላይ እያለ ሰው ሁሉ ከወንዝ ማዶ ሆኖ ፎቶ ማንሳቱ ይገርመኛል።

እኔ የሄድኩት በሐምሌ ነው። ለሥራ ማድሪድ ነበርኩና ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ተሳፍሬ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ደረስኩ። አቪላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ስፔን ውስጥ ካሉ የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች ከፍተኛዋ። «ደጋ ናት፣ አትቃጠልም» ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ መስቀል ከሥሩ ሙቀቱን ይጽፋል፤ እኩለ ቀን ላይ 36 ይላል።

ቅጥሩ ላይ ወጥቶ መሄድ ይቻላል፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ደረጃ ይወጣል። ከላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ጥርስ ጥርስ ሆነው የተሠሩት ድንጋዮች የሚጥሉት ጥላ ጉልበት አይሸፍንም። ድንጋዩ ጠዋት የጠጣውን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ መልሶ ይተፋዋል፤ ከላይም ከሥርም ትቃጠላላችሁ። በግራ ሜዳው ይታያል፣ በቀኝ የሰው ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የሳተላይት ዲሽ። ሰዉ ውሃውን ይዞ በነጠላ ሰልፍ ይሄዳል፤ በየማማው ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይቀጥላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የማስታውሰው የፊቴን ሰውዬ የጀርባ ቦርሳ ነበር። ሥራው ራሱ ይህ ነው፤ የተሠራው ጠባቂ እንዲዞርበት እንጂ እንግዳ እንዲገባበት አይደለም። በሰሜን በኩል ከሥሩ የሚሄደው መንገድ ሮንዳ ቪዬኻ ይባላል፤ ሮንዳ ማለት ጠባቂ የሚዞርበት ዙሪያ ማለት ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ቴሬሳ (ቅድስት ስለሆነች «እሳቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ግን አጻጻፏ ሰውን ወጥ ቤት አስቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ስለሆነ «እሷ» ይሻለኛል) የምትጀምረው ነፍስን እንደ ግንብ አስቡት ብላ ነው። ከምን የተሠራ ግንብ? ከአንድ አልማዝ፣ ወይም ከጠራ ብርጭቆ። በውስጡ ብዙ ማደሪያዎች አሉት። ከመሀሉ ንጉሡ አለ፤ ብርሃኑም ከዚያ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ከአልማዝ ነው። ብርሃን ከውስጥ ወደ ውጪ የሚያልፍበት ነው። 3 ሜትር ውፍረት ካለው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ጋር ምኑም አይገናኝም።

ቅጥሩ የሚመጣው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እኛ ሰዎች፣ ትላለች በራሴ አባባል ላስቀምጠውና፣ ሐሳባችን ሁሉ የሚያልቀው አልማዙ በተሰካበት ሻካራ ክፈፍ ላይ፣ በግንቡ ዙሪያ ቅጥር ላይ ነው፤ ማለትም በዚህ ሥጋችን ላይ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ አንጠይቅም። ከዚያ ጥቂት አንቀጽ አልፋ ደግሞ ብዙ ነፍሳት እስከ መጨረሻው በግንቡ ሮንዳ ላይ፣ ጠባቂዎቹ ባሉበት ቦታ እንደሚቀሩና ወደ ውስጥ ለመግባት ምንም ግድ እንደማይሰጣቸው ትጽፋለች። ቃሉ ራሱ ነው። ሮንዳ።

እንግዲህ የአቪላ ቅጥር በመጽሐፉ ውስጥ ካለ፣ ያለው ሰው ሳይገባ የሚቀርበት ቦታ ሆኖ ነው። ቅጥሩ መጽሐፉን ወለደው ማለት የአንድን ቤት አጥር አይቶ ስለ ሳሎኑ እንደማውራት ነው።

ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ደግሞ ከእነ አስጎብኚዎቹ ጋር የሚያስማማ ወጥመድ ይገጥመዋል። «ካስቲዮ ኢንተሪዮር» ነው፤ ሰዉ በተለምዶ የሚጠራው ግን «ላስ ሞራዳስ» ብሎ ነው። «ግንብ» ስንል ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብም ግንብ ነው፣ የጎረቤት አጥርም ግንብ ነው። በአንድ ቃል ሁለቱን ስለምንጠራ አማርኛ አንባቢ «ውስጣዊው ግንብ» ሲል የአቪላን ፎቶ ወዲያው ያያል። «ሞራዳ» ግን ማደሪያ ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ በአባት ቤት ስላሉት ብዙ መኖሪያዎች የሚነገረውን እያሰበች የወሰደችው ቃል ነው። እኔ ብሆን መጽሐፉን «ማደሪያዎች» ብዬ እተረጉመው ነበር፤ «እልፍኝ»ም አይከፋም። ክፍሎቹ ተራ በተራ እንደ ኮሪደር የተደረደሩ አይደሉም ብላ ታስጠነቅቃለች። ፓልሚቶ የሚባለውን ትንሽ ዘንባባ አስቡ ትላለች፤ የሚበላው እምብርት ጋ ለመድረስ ብዙ ሽፋን የሚላጥበትን። የፈረንጅ አንባቢ እዚህ ጋ የግርጌ ማስታወሻ ይፈልጋል። እንሰት ሲላጥ ያየ ሰው አያስፈልገውም። ጎጃም ወይ ጎንደር ባለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚገባውን አሠራር የሚያውቅ ሰውም ሥዕሉ ወዲያው ይገባዋል። የእኛ አንባቢ ከብዙ አውሮፓዊ ይልቅ ለዚህ መጽሐፍ የቀረበ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ነው።

ከቅጥሩ ወርጄ የገባሁት ካቴድራሉ ውስጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የገባሁት ለጥላው ነው። ከመሠዊያው ጀርባ ባለው ዙሪያ ዓምዶቹ ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር ናቸው፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው የብረት ዝገት ነው የሚያቀላው። «የሚደማ ድንጋይ» ይሉታል። ከከተማዋ ብዙ ከማይርቅ ከላ ኮሊያ የሚመጣ ነው። ቆንጆ ነው፣ ደግሞም ትንሽ ያስፈራል። እዚህ ከተማ ውስጥ ደም ስለሚባለው ነገር ሳያስቡ እዚያ መቀመጥ ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴሬሳ አያት ሁዋን ሳንቼዝ የቶሌዶ ነጋዴ ነበር፤ ከአይሁድ ወደ ክርስትና ከተመለሱ ቤተሰቦች። በ1485 የኢንኩዊዚሲዮን ፍርድ ቤት፣ ማለትም የሃይማኖት መርማሪዎቹ፣ በድብቅ የአይሁድ ሥርዓት ፈጽሟል ብሎ የንስሐ ቅጣት ፈረደበት። ሳምቤኒቶ የሚባለውን የውርደት ልብስ ለብሶ በተከታታይ ዓርቦች በቶሌዶ አብያተ ክርስቲያናት እንዲዞር ተደረገ። የቴሬሳ አባት አሎንሶ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ አቪላ መጣ፤ ጨርቅ ነገደ፣ ከበረ፣ ከባላባት ጋር ተጋባ። በ1519 የመንደር ግብር ሰብሳቢዎች ሲመጡባቸው አሎንሶና ወንድሞቹ «እኛ ባላባት ነን፣ ግብር አይመለከተንም» ብለው ከሰሱ። ምስክር ተጠራ። የቶሌዶው ታሪክም በምስክሮቹ አፍ ወጣ። ወንድማማቾቹ ግን ረቱ፤ የባላባትነት ወረቀታቸውን አገኙ። ቴሬሳ የተወለደችው በ1515 ነው፤ ክሱ ሲጀመር 4 ዓመቷ ነበር። ይህ ሁሉ ፋይል ተቀብሮ ኖሮ በይፋ የታወቀው በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ንጹሕ የካስቲያ ባላባት ልጅ አድርገዋት ይጽፉ ነበር።

እኛ ሙያ ውስጥ የተጠቃሚ ፈቃድ የምንለው ነገር አለ፤ ማን ይገባል፣ ማን አይገባም፣ በምን ማስረጃ። በዚያን ጊዜው ስፔን ማስረጃው ደም ነበር። «የደም ንጽሕና» የሚሉት ደንብ አንድ ሰው አያት ቅድመ አያቱ አይሁድ ወይም ሙስሊም ከሆኑ ከሹመት፣ ከኮሌጅ፣ ከብዙ ገዳማት ያግደው ነበር። የድንጋዩ ቅጥር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦር የሚመልስበት ጊዜ አልፎ ነበር። ሥራ ላይ የነበረው የወረቀቱ ቅጥር ነው። የቴሬሳ ቤተሰብ ያንን አጥር በገንዘብ፣ በጋብቻና በክስ ዘሎ የገባ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ስለ ቅጥር ስታስብ «እንዴት ያምራል» ብላ ይሆን? እኔ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ካርታውን ብቻ ማየት ይበቃል። የተወለደችበት ቤት፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የተሠራበት ቦታ፣ ከደቡቡ በር አጠገብ በቅጥሩ ውስጥ ነው። በ1535 ገዳም ስትገባ የገባችው ላ ኤንካርናሲዮን ነው፤ ከቅጥሩ ውጪ፣ በሰሜን በኩል ከቁልቁለቱ ሥር። እዚያ 27 ዓመት ያህል ኖረች። በ1562 የራሷን ገዳም ሳን ሆሴን ስትመሠርት እሱም ከቅጥሩ ውጪ፣ በምሥራቅ ነው። ማለትም ካደገች በኋላ በራሷ ፈቃድ አንድም ጊዜ ቤቷን ቅጥሩ ውስጥ አላደረገችም። መሬት ተወዶባት ነው፣ ሌላም ምክንያት አለው ትሉ ይሆናል፤ ይሁን። ግን የከተማዋ ሰዎች ስለ ሳን ሆሴ ያደረጉት ነገር በመሬት ዋጋ አይገለጽም።

ኦገስት 24 ቀን 1562 ነው የተከፈተው። አራት ሴቶች፣ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ደወል። ቋሚ ገቢ የሌለው፣ በምጽዋት የሚኖር ገዳም። የከተማው ምክር ቤት ወዲያው ተሰበሰበ፤ ገዳሙ ይፍረስ ተባለ፣ ጉዳዩም እስከ ንጉሡ ሸንጎ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ማማና በር ውስጥ ያለች ከተማ በአራት ሴቶች ደነገጠች። ቴሬሳ ይህን በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስትተርከው ቁጣም አለባት፣ ሳቅም አለባት። የሳን ሆሴ ደንብ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው፤ በሕይወት ሳለች በገዳሞቿ ውስጥ የደም ንጽሕና ማስረጃ አልጠየቀችም። እሷ ከሞተች ከ15 ዓመት በኋላ ነው ማኅበሩ ይህን ደንብ ያስገባው። ከሞተች በኋላ! አንዳንድ ነገሮች ባለቤታቸው ዞር እስኪል ነው የሚጠብቁት።

ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከተማዋ ትተኛለች፤ ሲየስታ። ሱቁ ዝግ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙው ዝግ፣ ውሻ እንኳ አይታይም። በዚያ ሰዓት ነው ወደ ላ ኤንካርናሲዮን የወረድኩት፤ የሚከፈትበትን ሰዓት እዚያው በር ላይ ለመጠበቅ። ከገዳሙ ጎን ሀርዲን ደ ሴፋራድ የሚባል ትንሽ መናፈሻ አለ። የአቪላ አይሁዶች መቃብር የነበረበት ቦታ ነው፤ በ1492 ከአገር ሲባረሩ ትተውት የሄዱት። ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ጉብታ ያለው መሬት፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ጥቂት ዛፍ። ማንም አልነበረም። ቴሬሳ ለ27 ዓመት የኖረችው ከዚህ አጠገብ ነው፤ አያቷ ሊሸሸው የሞከረው ስም ያላቸው ሰዎች ከጎኗ ተኝተው። ታውቅ ነበር? የቤተሰቧን ታሪክ ማወቋን ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ እሷ ግን በጽሑፏ አንድም ቦታ አልተናገረችም። ስለ ዘር ክብር ሲወራ ግን ብዕሯ ሁልጊዜ ይሰላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ማዶ ልሻገር። «ሰባት ማደሪያ» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ የምሁራን ጦርነት ነው። አንዳንዶቹ ወደ አይሁድ ምሥጢራዊ ጽሑፍ ይሄዳሉ፤ የዞሃር ጸሐፊ ተብሎ የሚታመነው ሙሴ ደ ሊዮን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቪላ ይኖር ነበር፣ ዞሃር ውስጥም የሰማይ አዳራሾች አሉ። የፖርቶሪኮዋ ምሁር ሉሴ ሎፔዝ ባራልት ደግሞ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ሱፊ ኑሪ ጽሑፍ ውስጥ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሠሩ ሰባት ግንቦችን አምጥታ አሳይታለች። ቀለል አድርገው የሚያዩት ደግሞ «ልጅ ሆና የጀግና ልብ ወለድ ሱሰኛ ነበረች፣ ራሷም ጽፋዋለች፤ እዚያ ውስጥ ግንብ ሞልቷል» ይላሉ። ለእኔ ሦስተኛው በጣም ይጣፍጠኛል፤ ግን በልብ ወለዱ ውስጥ ያለ ግንብ ከብርጭቆ አይሠራም፣ ንጉሡም ከመሀል ሆኖ እንግዳ አይጣራም። ቴሬሳ ዞሃርን ወይም ኑሪን አነበበች የሚል ማስረጃ የለም። ሐሳብ ግን በመጽሐፍ ብቻ አይሄድም፤ በሰፈር፣ በወጥ ቤት፣ በአያት ተረትም ይሄዳል። በቅጥሩ ድንጋይ ላይ ሮማዊው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቀው እያየን በሴትዮዋ ጭንቅላት ውስጥ አልተደባለቁም ማለት ይከብደኛል።

መጽሐፉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ሚዛኑ የተዛባ ነው። 27 ምዕራፍ አለው፤ ከዚያ ውስጥ 11ዱ በስድስተኛው ማደሪያ ብቻ ተይዘዋል፣ ሁለተኛው ማደሪያ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ብቻ። ሰባተኛው ላይ ለመድረስ ስድስተኛው ውስጥ የጠፋ አንባቢ ብዙ ነው። በየመሀሉ ታቋርጣለች፣ «ምን እያልኩ ነበር?» ዓይነት ነገር ትላለች። አራተኛው ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ብዙ ወንዝ የሚጮህ ድምፅ እንዳለ ትነግረናለች፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ ከጀመረች አምስት ወር ሊሆነው መሆኑን፣ መለስ ብላ ለማንበብ ጭንቅላቷ እንዳልፈቀደላትና ነገር ልትደግም እንደምትችል። የዛሬ አርታዒ ቢያገኘው ግማሹን ይሰርዘው ነበር። እኔ ግን እነዚህ ቦታዎች ናቸው የያዙኝ። 62 ዓመቷ ነው፣ ታማለች፣ ከቶሌዶ ወደ አቪላ ተጉዛለች፣ የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ በመርማሪዎቹ እጅ ተይዟል። አለቃዋ ግራሲያን ሌላ ጻፊ ያላት ለዚህ ነው፤ ያኛው ከተያዘ ሌላ ይኑር ብሎ። ባክአፕ ማለት ነው። በጁን 2 ቀን 1577 ቶሌዶ ላይ ጀመረችው፣ በኖቬምበር 29 አቪላ ላይ፣ ከቅጥሩ ውጪ ባለው በሳን ሆሴ ጨረሰችው። የታተመው ከሞተች በኋላ በ1588 ነው።

መጨረሻ ላይ ለእኅቶቿ የምትለው ነገር ለዚህ ክርክር ወሳኝ ነው። ገዳማችሁ ጠባብ ነው፣ የምትዝናኑበት ነገር ትንሽ ነው፤ ይህ ግንብ ግን የእናንተ ነው፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ከአለቆቻችሁ ፈቃድ ሳትጠይቁ ገብታችሁ መንሸራሸር ትችላላችሁ። የዛሬ ሰው ይህን እንደ ጣፋጭ ምክር ያነበዋል። በዚያ ዘመን አንዲት መነኩሲት ያለ ፈቃድ የማትበላ፣ ያለ ፈቃድ የማትናገር፣ ያለ ፈቃድ የማትጽፍ ነበረች። ፈቃድ የማይጠየቅበት አንድ ቦታ አለ ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለሚሄድ ሰው የምለው ይህ ነው። ቅጥሩን አትዝለሉ፤ ግን ከእሱ አትጀምሩ፣ ደግሞ በእኩለ ቀን አትውጡበት። በጠዋት ከላ ኤንካርናሲዮን ጀምሩ፣ ቁልቁለቱ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ በሰሜን በኩል ሮንዳ ቪዬኻን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ውጡ፣ የሮማውያኑን የመቃብር ድንጋይ በእጃችሁ ንኩ፣ ሳን ሆሴን እዩ። ወደ ውስጥ በመጨረሻ ግቡ። የቴሬሳ ዬማ የሚባለው በእንቁላል አስኳልና በስኳር የሚሠራ ጣፋጭ በየሱቁ አለ፤ በሙቀት ቀን ሁለት ከበላችሁ ውሃ ነው የምትፈልጉት። ሎስ ኩዋትሮ ፖስቴስ የማይቀር ከሆነ አመሻሽ ላይ ሂዱ፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ቅጥሩ ወርቅ ይመስላል። ፎቶው ያምራል፤ አልክድም።

እዚያ ስትቆሙ ግን ባህሉ ስለ ቦታው የሚለውን አስታውሱ። ቴሬሳ በ7 ዓመቷ አካባቢ ከወንድሟ ከሮድሪጎ ጋር ወደ ሙሮች አገር ሄደን እንሰየፍ፣ ሰማዕት እንሁን ብለው ተነሥተው፣ አጎታቸው ደርሶ የመለሳቸው እዚህ ዓምዶቹ ዘንድ ነው ይባላል። ጉዞውን ማሰባቸውን እሷም ጽፋዋለች፤ አጎትየውንና ቦታውን የጨመሩት ሌሎች ናቸው።

ሃምሳ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ማደሪያዎቹን ጽፋ በጨረሰች በሦስተኛው ቀን ሌሊት፣ ከላ ኤንካርናሲዮን አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት የሚኖረውን የመነኮሳቱን ንስሐ አባት ሁዋን ደ ላ ክሩዝን የራሱ ማኅበር ሰዎች በር ሰብረው ወሰዱት። ተሐድሶውን ከእሷ ጋር በመደገፉ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን ቴሬሳ ለንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ደብዳቤ ጻፈች። በእነዚህ ሰዎች እጅ ከሚሆን በሙሮች እጅ ቢሆን ይሻለኛል፣ እነሱ የበለጠ ሳይራሩለት አይቀሩም አለች። ሁዋን ቶሌዶ ውስጥ በጠባብ ክፍል ከ8 ወር በላይ ታስሮ ቆየ። በኦገስት 1578 የበሩን ቁልፍ ፈታቶ በሌሊት በመስኮት ወረደ።